በር ላይ የሚቆም ዓይን

ላሊበላ፣ የካቲት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ኪዳን፤

እዚያ ወገል ጤና ብርዱ እንዴት አድርጎ ያዝዎት? እኛ እዚህ ደኅና ነን፤ እርስዎ ወደ ትውልድ ደብርዎ ከሄዱ ወዲህ ግን የምንናዘዝበት ጉልበት እንደጠፋን ነው። ለጉልበትዎ ማሻ የላክሁት ቅባት ደርሶ እንደሆነ የምስር ነጋዴውን ሀሰንን ብጠይቀው፣ "አባ ሰም ሰም ይላል ብለው ጧፍ መስሏቸው ሊያበሩት ነበር" ብሎ አሳቀኝ። ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት ጧፍ ስሠራ ኖሬ እንኳን ቅባቴ ጸሎቴም ሰም ሰም ሳይል አይቀርም።

ስለ ማኅበራችን ጠይቀውኛል። ማኅበሩን በሙሴነት ይመሩ የነበሩት እማሆይ ካረፉ ወዲህ የሃያ አንዱ የማርያም ማኅበር ያለ ሙሴ ከርሞ ነበር። በጥር ስንሰበሰብ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። አይሆንም ብል አሰለች "መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ፊደል የለየሽ አንቺ፣ ታዲያ ማን ይሁን?" አለች። ስለዚህ ዘንድሮ ጽዋውን የማዞረው፣ የተጣላ የማስታርቀው፣ ሥርዓት ያጎደለች የምገሥጸው እኔ ነኝ። የእኅቱን ጥፋት አይቶ ዝም ያለ ግማሹን ይሸከማል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ ቃልዎ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። አበልጄን ሰገነትን ምን አስተዋውቅዎታለሁ፤ እሷም የእርስዎው የንስሐ ልጅ ናት። ልጇን ሰብሌን ክርስትና ካነሣሁላት ጀምሮ ከእኅት አትለይብኝም። ልጅቱ ወደ ፍላቂት ከተማ ከተዳረች ወዲህ ሰገነት ብቻዋን ናት፣ ለጧፌ ፈትል እየፈተለችልኝ እንኖራለን። ታዲያ ባለፈው ረቡዕ፣ ፀሐይዋ ገና ከአሸተን ተራራ ብቅ ስትል፣ ፈትል ልወስድ በጓሮዋ በኩል ገባሁ። በዐቢይ ጾም፣ በጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከግድግዳው ጥግ ቆማ ቂጣ ትጎርሳለች። ውኃም ጠጣችበት። ስታየኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። እኔ "ፈትሉ ደረሰ?" አልሁ፤ እሷ "ደርሷል" አለች፤ ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰገነት እኮ የምትቆርብ ሴት ናት። ታማለች እንዳልል፣ ከኔ ይልቅ እሷ ናት ሙሉ እንስራ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው። ነፍሷ ብትጠፋ ማን ይጠየቃል? እኔ አበልጇ፣ እኔ ሙሴዋ። ጌታ በወንጌል ያዘዘው ሦስት ደረጃ አለ፤ አስቀድሞ ለብቻዋ፣ እንቢ ካለች ሁለት ሰው ይዞ፣ ካልሆነም በጉባኤ። እንደዚያ ላድርግ ወይስ ምን ይሉኛል? በሚመጣው ቅዳሜ ገበያ በሀሰን እጅ መልስዎን እጠብቃለሁ።

መስቀልዎን እየተሳለምሁ፣
ዓይናዲስ

ወገል ጤና፣ መጋቢት 5 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናዲስ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ቅባቱን ሀሰን ቀለደበት እንጂ እኔስ ጉልበቴን አሽቼበት ለማኅሌት ቆሜያለሁ።

የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ያየሽውን አላየሽም አልልሽም። ግን ልጄ፣ ዓይን በር ላይ የሚቆም እንግዳ ነው፤ ካላስገቡት በቀር የቤቱን ነገር አያውቅም። ይህን ነገር ለኔ ተዪው። እዚህ ቀዳሹ እኔ ብቻ ስለሆንሁ በጾም ደብሩን ዘግቼ መምጣት አይሆንልኝም፤ ከትንሣኤ በኋላ ግን መጥቼ ራሴ አነጋግራታለሁ። እስከዚያ ወደሷ ስትሄጂ በእጅሽ የሆነ ነገር ይዘሽ ሂጂ፣ በአፍሽ ግን ምንም አትያዢ። ለምን እንዲህ እንዳልሁ አትጠይቂኝ። ንስሐ የሰማ ጆሮ ምላስ የለውም።

አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ብቻዋን ናት የምታድረው? ሰብሌስ ለትንሣኤ ትመጣለች?

ወልደ ኪዳን

ላሊበላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ፤

ጤናዎን ሰምቼ ደስ አለኝ። ሰብሌ አትመጣም፤ እርጉዝ ናት፣ ለመንገድ አትመችም። ሰገነት ብቻዋን ነው የምታድረው፤ ድመቷ ሰው ከሆነች ሁለት ናቸው።

እንግዲህ ይቆጡኝ እንደሆነ አላውቅም። ደብዳቤዎ ቅዳሜ ሲደርሰኝ እኔ ሐሙስ ዕለት አንደኛውን ደረጃ ጨርሼው ነበር። ብቻዋን አገኘኋት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እጇን ይዤ፣ ያየሁትን ነገርኋት። ክፉ ቃል አልወጣኝም። "ልክ ነሽ፣ አበልጄ" አለችኝ። ሌላ የለም። ተሳስቻለሁ አላለች፣ እተዋለሁ አላለች።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። ንስሐ የሰማ ጆሮ ያሉትን አነበብሁ። ለካ የቆየ ነገር ነው አልሁ፤ ለካ ለእርስዎም ነግራ መተው ያቃታት ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ ጭራሽ ዝም ማለት ይገባኛል? ሰኞ ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ብመለከት ያው ቂጣ፣ ያው ውኃ። ስለዚህ ከማኅበራችን አሰለችንና ሙሉዬን ይዤ ሄድሁ። ሙሉዬን መያዜ ስሕተት ነበር። ጆሮዋ እንደሚያስቸግራት ያውቃሉ፤ "ምን በላች? ምን በላች ነው የምትሉት?" እያለች ሰፈሩን ልታሰማው ደረሰች። ሰገነት አንገቷን ደፍታ "ማርያም ታውቃለች" አለች። አሰለች ደግሞ "ማርያምማ ታውቃለች፣ ያላወቅነው እኛ ነን" አለቻት።

አባቴ፣ በድፍረት አይዩብኝ፤ ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። ለሷ ሲያዝኑ ዝም ይላሉ፣ ዝምታው ግን እሷን አላዳናትም። የሚወዱትን ሰው ገደል ሲገባ ቆሞ ማየት ከየት የመጣ ፍቅር ነው? በሃያ አንድ ማኅበራችን ነው። ስሟን ሳልጠራ አነሣዋለሁ።

ልጅዎ ዓይናዲስ

ላሊበላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ፤

የመጋቢት 19 ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የደረሰኝ ግን ማኅበሩ ተበትኖ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሀሰን ጋሸና ላይ ጎማ ፈንድቶበት አምሽቶ ገባ። ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን እንደ ቃልዎ ዝም ባልሁ። አሁን የሆነው ሆኗል።

ግን አባ፣ የፈሩት አልሆነም። ጽዋው ሲዞር፣ ሰገነት ጋ ሳይደርስ፣ "አንዲት እኅታችን" ብዬ ጀመርሁ። ስም አልጠራሁም። ሙሉዬ ግን አንገቷን ዘወር አድርጋ አየቻት፣ ከዚያ አሥራ አንዱም ሴት ዘወር አለ። ሰገነት የደረሳትን ጽዋ ሳትቀምስ መለሰችው። ተነሣችና "ከዛሬ ጀምሮ እጾማለሁ፤ እናንተም ጸልዩልኝ" አለች። እልል ተባለ። እኔም አለቀስሁ፣ ከደስታ ነው። ከማኅበር ወጥተን እስከ ቤቷ ሸኘኋት፤ አልተቀየመችኝም። ተግሣጽ እንዲህ ፍሬ ሲያፈራ ማየት ለስንቱ ይገጥመዋል?

ዓይናዲስ

ወገል ጤና፣ መጋቢት 26 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ፤

ሀሰንን ስለ መዘግየቱ ጠየቅሁት። "አዎ አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለኝ። ይሁን።

እጾማለሁ ማለቷን አንብቤ አልተደሰትሁም። ለምን እንደሆነ ልጽፍልሽ አልችልም። ለሷም ልጽፍ አልችልም፤ ፊደል አታውቅምና የምታነብላት አንቺ ነሽ። ስለዚህ የምጠይቅሽን ብቻ መልሺልኝ። እሳት ብቻዋን ታነዳለች? ምንጭ ስትወርድ ማን አብሯት ይወርዳል? ዳገት ላይ፣ ገደል አጠገብ፣ ጉድጓድ አጠገብ ትሄዳለች? ከተቻለሽ አጠገቧ ዋዪ። አደራ።

ወልደ ኪዳን

ላሊበላ፣ መጋቢት 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ፤

ሀሰን ዛሬ ጠዋት ደብዳቤዎን ሰጠኝ፤ ነገ ስለሚመለስ ወዲያው መልሱን እጽፋለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ ሰገነትን ትናንት የተወለደች ሕፃን አስመሰሏት። እሳት ብቻዋን ነው የምታነደው፣ ማን ያንድላት? ምንጭም ትወርዳለች። አሁንማ እንደ መነኩሴ ሆናለች፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውኃ በአፏ አይዞርም። አሰለች እንኳ "እኛንም አሳፈረችን" ትላለች።

ደክማለች፣ አልዋሽም። ሐሙስ ዕለት አብረን ተቀምጠን ስትፈትል እንዝርቷ ቆመ። ዓይኗም አንድ ቦታ ላይ ቀረ። "ሰገነት" አልኋት፣ አልሰማችም። ሁለተኛ ጠራኋት። ከዚያ ልክ ከሩቅ አገር እንደመጣች ሁሉ "አቤት" አለችና ፈትሏን ቀጠለች። ከጾሙ ነው። ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን ሰብራለች፤ አዳለጠኝ አለች።

ብቻዋን እንዳትሆን ካሉኝ ግን መላ አለኝ። ለትንሣኤ የተጠየቅሁት ጧፍ ብዙ ነው። በጸሎተ ሐሙስ እኔ ቤት መጥታ ሰም ስናቀልጥ ልታግዘኝ ተስማምተናል። ከዓይኔ አትርቅም፤ ልብዎ ይረፍ።

ዓይናዲስ

ወገል ጤና፣ መጋቢት 30 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናዲስ፤

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሰገነትን ከሰም ድስትሽ አጠገብ አታስቀምጫት። ፈትል ትፍተል፣ ወለል ትጥረግ፣ የፈለገችውን ትሥራ፤ እሳት አጠገብ ግን አይሆንም። ምክንያቱን እንዳትጠይቂኝ፣ እንዳትጠይቂያትም። "አባ ጠዋት ያዘዙሽን አድርጊ ብለዋል" ብለሽ ንገሪያት፤ ይገባታል።

ሀሰን ለበዓሉ ቤቱ ይሰነብታል፣ ጭነት የለውም። ወደ ጋሸና የሚወጣ መንገደኛ እየፈለግሁ ነው።

ወልደ ኪዳን

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ኪዳን፤

የመጋቢት 30 ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፣ ከሀሰን ጋር። መንገደኛ እንዳጡለት ነገረኝ። ይህኛው በእውነት ዘገየ።

አስቀድሜ ከጭንቅዎ ላሳርፍዎ፤ ሰገነት በሕይወት አለች። ግራ እጇ ከመዳፏ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። ሐኪሙ ጣቶቿ ይተርፋሉ ብሏል።

በጸሎተ ሐሙስ ነው። ሰሙ ቀልጦ ነበር፣ እኔ ፈትል ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ወድቃለች። እንዴት እንደነበረች አልጽፍም፤ እርስዎ ከኔ በፊት ያውቁት ነበር። የኔን ግን ልናዘዝ። ከጓዳው በር እስከ እሷ አራት እርምጃ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እስኪያልፍለት አይነካም፣ ትንፋሹ ይጋባል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁ። ቆምሁ። ድስቱ ተገልብጦ ሰሙ በእጇ ላይ እየፈሰሰ ነበር፣ አባ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስንት እንደቆምሁ አላውቅም። ከዚያ ነው የሳብኋት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከመቀነቷ ጫፍ የተቋጠረ ነጭ ክኒን አገኙ። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ምግብ ቀምሰሽ ዋጪ አላልሁሽም ወይ እያለ ተቆጣት። ከመቼ ወዲህ እንደተወችው ጠየቃት። "ከመጋቢት ሃያ አንድ" አለች። ቀኑን ስትናገር ወደኔ አላየችም።

ኋላ ሁለታችን ስንቀር ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፦

"ብነግርሽ ኖሮ ከኔ ቀጥለሽ ከጽዋው ትጠጪ ነበር?"

ያንን በሩ ላይ የቆምሁትን አይታው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ልጠይቃትም አልደፈርሁ። ለሰው ሁሉ ጾም አድክሟት ወደቀች ተብሏል። አሰለች ልትጠይቃት መጥታ "ጾም ማለት እንዲህ ነው" ብላ እጇን ሳመች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልናገር። ዛሬ ሀሰን ምስሩን ሲያራግፍ ገበያተኛው እስኪበተን ጠበቀና የአይሱዙውን በር ከፍቶ ተቀመጪ አለኝ። ራሱ ከውጭ ቆመ።

"እትዬ ዓይናዲስ፣ ያን ቅዳሜ ደብዳቤውን የሰጠሁሽ በጠዋት ነው። ለአባ እኔ አዘገየሁት ብያቸዋለሁ፣ እሳቸው ጋ እንደዚያው ይቅር። አንቺና እኔ ግን እናውቃለን።"

ይህን ብሎ ወዲያው ስለ ጎማ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ላለቅስ ስል አየኝ መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ምስሩ አዞረልኝ።

አልዘገየም፣ አባ። ጎማም አልፈነዳም። በጠዋት ተቀብዬ ደረቴ ውስጥ ከተትሁት። አትናገሪ የሚል እንደሆነ ስለጠረጠርሁ ሳልከፍተው ማኅበር ገባሁ። ስናገር ወረቀቱ እዚሁ ነበር፤ ሲኮሰኩሰኝ ይሰማኝ ነበር። ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ስቀር ከፈትሁት። "በማኅበር ፊት አታንሺው፤ በማርያም ይዤሻለሁ። ከምታውቂው የማታውቂው ይበልጣል" ይላል። አነበብሁና በሰው ስም ዋሸሁ። ሀሰን ደግሞ ውሸቴን ተሸከመልኝ።

ሰገነት ክኒኑን ጀምራለች፣ ሃምሳው ጾም የለበትምና። ከዚህ በኋላ የምሆነውን እርስዎ ይንገሩኝ።

ዓይናዲስ

ወገል ጤና፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1988 ዓ.ም.

ልጄ፤

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። መንገደኛ እስካገኝ ተቀመጥሁ፤ ተነሥቼ በእግሬ መምጣት ነበረብኝ። ደብሩ ያለ ቅዳሴ ይውላል ብዬ ፈራሁ። አሁን ሳስበው ያንን ፍርሃት እንደ ምክንያት ይዤው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ አንቺን ስገሥጽ ከላይ ሆኜ አይደለም።

ሦስቱን ደረጃ በሁለት ሳምንት ጨረስሽው። ጌታ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ስንት ቀን እንደሆነ አልተናገረም። አንዳንድ ሰው አንደኛው ላይ ዕድሜውን ይጨርሳል፣ አይከፋም። "ልክ ነሽ" ስትልሽ አጠገቧ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ኖሮ በሦስተኛው ቀን ራሷ ትነግርሽ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሀሰንን አይተሽዋል፤ ሰው እስኪበተን ጠብቆ ተናገረሽ፣ ከዚያ ጎማ አወራ።

ቀኖናሽ ይህ ነው። በተናገርሽበት ማኅበር ተናገሪ። የራስሽን ሁሉ ተናገሪ፤ የሷን አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ከእንግዲህ የአንቺም ጆሮ ምላስ የለውም።

ወልደ ኪዳን

ላሊበላ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ፤

ፈጽሜዋለሁ። ትናንት ሁሉም ተሰብስቦ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሣሁ። ደብዳቤ ተልኮልኝ ሳልከፍት በደረቴ ይዤ መናገሬን፣ በሰው ማሳበቤን፣ የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሆኜ መፍረዴን ተናገርሁ። ሰገነትን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። ባልታሰረው እጇ አነሣችኝ።

አሰለችን ያውቋታል፣ ዝም አትልም። "ታዲያ ያን ጊዜ የበላችው ምን ሆኖ ነው?" አለች።

"በጾም የበላሁስ እኔ ነኝ፤ ያውም የአበልጄን ሥጋ" አልኋት።

አሰለች ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ከሙሴነት ወርጃለሁ። ሙሉዬ ተሾመች። ሐሜት ስለማትሰማ ከሁላችን የምትሻለው እሷ ናት ተብሎ ተሣቀ፤ እሷም ምን እንደተባለ ሳይገባት አብራ ሣቀች።

ጽዋው ሲዞር ቦታዬን ለቅቄ ከሰገነት ቀጥዬ ተቀመጥሁ። ጠጥታ ሰጠችኝ። ሁላችን ስንጠጣ የጽዋውን አፍ በነጠላ ጫፍ እንጠርገዋለን አይደል? ሳልጠርግ ጠጣሁ፣ እሷ ከጠጣችበት በኩል። እያየችኝ ነበር።

ነገሩ ግን አላለቀም፤ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። ሃምሳው ግንቦት 25 ያልቃል። ከዚያ የረቡዕና የዓርብ ጾም ይመለሳል። የአባን ፈቃድ ይዘሽ የለም ወይ ብላት "የአባ ፈቃድ ለእግዚአብሔር ይበቃኛል፣ ለሰው ዓይን ግን አይበቃኝም። አንቺ ያየሽኝ ሌላዋም ታየኛለች። በጾም ቀን አልውጠውም" አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ እንዳታጓድል ብሏል። እለምናታለሁ፣ ዝም ትላለች። ያንን ዝምታዋን አሁን አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ላለመናገር ምላሴን ነክሼ ነው የምውለው። ቀኑን እየቆጠርሁ ነው፣ አባ። ቃል ካለዎት ይላኩልኝ።

ዓይናዲስ

ላሊበላ፣ ግንቦት 28 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለንስሐ አባቴ፤

ጉልበትዎ ለመንገድ እምቢ ቢልም ለሰገነት የላኩት የአደራ ቃል ደርሷል፤ ቃል በቃል ነገርኋት። እንግዲህ ዛሬ የመጀመሪያው ረቡዕ ነው፤ እንዴት እንደዋለ ጠይቀውኛልና ሳይቀዘቅዝ ልጻፍልዎ።

ስለ ክኒኑ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣኝም። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ሳትወጣ፣ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ውኃ በቅል ይዤ በጓሮዋ በኩል ገባሁ። በእጅሽ ነገር ያዢ ብለውኝ የለ? በር ላይ ተቀምጣ ጠባሳዋን ቅቤ እየቀባች ነበር። አየችኝ፣ ቂጣውንም አየች። "ዛሬ ረቡዕ ነው" አለች። "አውቃለሁ" አልሁ። ቂጣውንና ቅሉን አጠገቧ አስቀመጥሁና ተመልሼ ወደ አጥሩ መግቢያ ሄድሁ። እዚያ፣ ያን ጊዜ እኔ በገባሁበት በኩል፣ ጀርባዬን ለሷ ሰጥቼ መንገዱን ዘግቼ ቆምሁ። ነጠላዬን ዘርግቼ ነበር፤ ሰፊ ሴት መሆኔ ለአንድ ነገር ጠቀመኝ።

ብዙ ቆምሁ። ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። እግዜር ያሳይዎ፣ ያንን የጓዳ በር ነበር የማስበው። አሰለች ከኪዳን ስትመለስ መጣች። በማለዳው እዚህ ምን አቁሞሽ ነው አለች።

"የሰገነትን ጎመን ከፍየል እጠብቃለሁ" አልኋት።

"የማንን ፍየል?"

"ያንቺን።"

"እኔ ፍየል የለኝም" ብላ በትከሻዬ ላይ ልታይ አንገቷን መዘዘች። እኔም ነጠላዬን ይበልጥ ዘረጋሁ። ቆማ አየችኝ። ምን እንደገባት አላውቅም፣ ብቻ "እንግዲያ ደኅና አድርገሽ ጠብቂ" ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አለፈች።

አሰለች ከራቀች በኋላ ከኋላዬ ጨርቁ ሲፈታ ሰማሁ። ቂጣው ተቆረሰ። ከዚያ ቅሉ ተነሣ፤ ውኃው በጉሮሮዋ ሲወርድ ሰማሁት።

ዞር ብዬ አላየሁም፣ አባ።

ዓርብም እሄዳለሁ።

ልጅዎ ዓይናዲስ